ኢኳዶር ኑሮ ርካሽ ነው ወይ? ከጅማና ከአካባቢዋ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ባለፈው እትም አራት ዓመት ደቡብ አሜሪካ ባለችው ኢኳዶር፣ ኩዌንካ የምትባል ከተማ ኖሬ እንደተመለስኩ በአንድ መስመር ብቻ ጠቅሼ ነበር። ከዛ ወዲህ የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሉ ስለሷ ሆነ፣ በቴሌግራም የሚጽፍልኝ አለ፣ ሐሙስ ዕለት ሂርማታ ገበያ መሀል ዘንቢሌን ይዞ ያስቆመኝም አለ፣ ሁሉም የሚጠይቀኝ ደሞ አንድ ነገር ነው፣ «እዛ ኑሮ ርካሽ ነው አሉ፣ እውነት ነው?» ስለዚ የዚህን ወር አምድ በሙሉ ለሱ ለቀቅኩት። የምጠራው ዋጋ ከ2013 እስከ 2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ከኪሴ የከፈልኩት ነው፣ ዛሬ ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢል አይግረማችሁ። የማወራው ደሞ በዶላር ነው፣ አገሩ የሚገበያየው በዶላር ስለሆነ፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች አንድ መምህር ጠይቀውኛል።

«እትዬ እንደምን ነሽ። ባለቤቴ የሚሰራበት የውጭ ድርጅት ለሁለት ዓመት ኩዌንካ ሊመድበው ነው፣ ደሞዙ በወር 1,600 ዶላር ይሆናል ብለውታል። ሁለት ልጆች አሉን፣ የ6 እና የ11 ዓመት። እኔ እዚህ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ ዘግቼ ልከተለው ወይስ እሱ ብቻውን ሄዶ ይላክልን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ገንዘቡ ለአራት ሰው ይበቃል? ለሙስሊም ቤተሰብስ ሥጋ ይገኛል?» የሁለት ልጆች እናት፣ ከፈረንጅ አራዳ

እህቴ፣ እንቅልፍ ያጣሽበት ጉዳይ ስለሆነ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ይበቃል። ግን ይበቃል የምልሽ እንደ ሰፈሩ ሰው ከኖራችሁ ነው፣ እዛ እንዳሉት ፈረንጅ ጡረተኞች ሬስቶራንት ለሬስቶራንት መኖር ከጀመራችሁ 1,600 ዶላር ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል።

በቤት ኪራይ እንጀምር፣ ትልቁን የሚወስደው እሱ ነው። እኔ ያኑንካይ የሚባለው ወንዝ አጠገብ ሦስት መኝታ ያለው አፓርታማ በ380 ዶላር ነበር የተከራየሁት፣ ዕቃ የሌለው ማለት ነው፣ እዛ ደሞ ዕቃ የሌለው ሲሉሽ ምንም የሌለው ነው፣ ምድጃ የለ፣ ፍሪጅ የለ፣ መጋረጃ የለ፣ አንዳንዱ ቤትማ አምፖሉን እንኳን ነቅለውት ነው የሚሄዱት። ዕቃ ያለው ከፈለጋችሁ 150፣ 200 ዶላር ጨምሪበት። ኢንተርኔት ላይ በእንግሊዝኛ የሚወጡት ቤቶች ለፈረንጅ የተዘጋጁ ናቸው፣ ዋጋቸውም እንደዛው፤ እኔ ቤቴን ያገኘሁት በእግሬ ሰፈር ለሰፈር እየዞርኩ መስኮት ላይ «ሴ አርየንዳ» የሚል ወረቀት እያየሁ ነው፣ «ይከራያል» ማለት ነው፣ ባልሽ ያቺን ቃል ከአሁኑ ይያዛት። ስትገቡ ብዙ ጊዜ የሁለት ወር ማስያዣ ይጠይቋችኋል። እዚህ ላይ አደራ የምልሽ፣ ቁልፍ በተቀበላችሁበት ቀን ግድግዳውን፣ የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ፣ የበሩን እጀታ ሳይቀር በስልክ ፎቶ አንሱትና አከራዩም አይቶ ይፈርምበት። እኔ ሳላነሳ ቀረሁ፣ ስወጣ አከራዬ ግድግዳው ላይ ያለው የእርጥበት ጥቁረት ድሮም የነበረ መሆኑን ካደ፣ 200 ዶላር አስቀርቶብኝ ወጣሁ፣ ለአንቺ ቤተሰብ የሁለት ሳምንት አስቤዛ ማለት ነው፣ እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

መብራት፣ ውሃና ኢንተርኔት ተደምሮ ከ75 ዶላር አልፎብኝ አያውቅም። ጋዝ ደሞ መንግሥት ስለሚደጉመው በጣም ነው የሚረክሰው፣ 15 ኪሎውን ሲሊንደር ቤት ድረስ አምጥተው በ3 ዶላር ገደማ ይቀይሩልሻል፣ ጠዋት የጋዝ መኪናው ጥሩምባውን እያሰማ በሰፈሩ ሲያልፍ ባዶውን ይዞ ወደ በር መሮጥ ነው። የገላ መታጠቢያው ውሃም ብዙ ቤት ላይ በዛው ጋዝ ነው የሚሞቀው። ማታ ማታ ግን ይበርዳል፣ ኩዌንካ 2,560 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ከጅማ በጣም ትበልጣለች፣ ቤቶቹ ደሞ ማሞቂያ የላቸውም፣ ስለዚ ጋቢና ብርድ ልብስ ከዚሁ ያዙ፣ የልጆቹን ሹራብ አትርሺ።

ስለ መብራት ሳልነግርሽ ባልፍ ደግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ላይ ድርቅ መትቶ ግድቦቹ ሲጎድሉ በቀን እስከ 14 ሰዓት መብራት የጠፋበት ጊዜ ነበር። እኔ የዛን ጊዜ እዛው ነበርኩ። የፈረቃው ሰንጠረዥ በስልክ ይመጣል፣ ልጄ የቤት ሥራውን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ መብራት ሳይሄድ ይሰራል፣ ታች ያለችው ባለሱቅ አይስክሬሟ ቀልጦባት በነጻ ለሰፈር ልጆች ስታድል አይቻለሁ፣ እያለቀሰች ነበር። እኛ ጊልገል ጊቤ ደጃፋችን ሆኖ መብራት ሲጠፋ እንደሚያንገሸግሸን ሁሉ እነሱም ትላልቆቹ ግድቦች፣ ፓውቴና ማሳር፣ ቅርባቸው ናቸውና በጣም ነበር የሚናደዱት። እኔ ከመመለሴ ትንሽ ቀደም ብሎ ቀለል ብሎ ነበር፣ አገሩ በውሃ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ግን አልተለወጠም፣ የሚሞላ አምፖል ይኑራችሁ።

አሁን ወደ ምግቡ፣ የኔ ልብ ያለው እዚህ ጋ ነው። ፌሪያ ሊብሬ የሚባል ትልቅ ገበያ አለ፣ በተለይ ረቡዕና ቅዳሜ ሂጂ። መጀመሪያ ቀን ስገባ እግሬ ነው የቆመው፣ ሴቶቹ ባርኔጣ አድርገው ሰፊ ቀሚሳቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል፣ ሁሉም ነገር በመደብ በመደብ ተደርድሯል፣ ልክ እንደኛው፣ «በአንድ ዶላር! በአንድ ዶላር!» ይላሉ። አቮካዶ አራት አምስት በአንድ ዶላር፣ ሙዝማ ከአስር በላይ፣ ቲማቲም አንድ ሙሉ ፌስታል። አንዷ ሴትዮ ጋ አቮካዶ ገዝቼ ልሄድ ስል ጎረቤቴ ክንዴን ያዘችኝና «ያፓ በያት» አለችኝ፣ «ያፓ» አልኳት፣ ሴትዮዋ ሳቅ ብላ አንድ አቮካዶ ጨመረችልኝ። መርቂልኝ ማለት ነው እኮ! አስራ ምናምን ሺህ ኪሎሜትር ተጉዤ መርቂልኝ የሚል ገበያ አገኘሁ። ደሞ አንዴ ከተላመድሽ «ካሴራ» ይሉሻል፣ ደንበኛ ማለት ነው፣ እኛ ሻጭም ገዢም ደንበኛዬ እንደምንባባለው እነሱም በሁለቱም በኩል ይባባሉበታል። ከዛ በኋላ ለሌላ ሰው የተበላሸውን ከታች ደብቀው ሲሸጡ ለኔ ግን ራሳቸው መርጠው ነበር የሚሰጡኝ።

ልጆችሽ ምግቡን ይለምዱታል ብዬ አልሰጋም። ሞቴ የሚሉት ቅቅል በቆሎ አለ፣ ንፍሮ ነው በቃ፣ በየማዕዱ ከጎን ይቀርባል። ቶስታዶ የሚሉት የበቆሎ ቆሎ ነው። ማቺካ የሚሉት ደሞ የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፣ መጀመሪያ ጊዜ ጠርሙስ ውስጥ አይቼ ስከፍተው ሽታው በሶ፣ በስኳርና በወተት ሲበጠብጡት ግን ለየት ይላል፣ እኔ እንደለመድኩት በጨውና በቅቤ አሸሁት። የሚያቃጥል ነገር ከፈለጋችሁ አሂ የሚባል የቃሪያ ስልስ ጠረጴዛ ላይ አይጠፋም፣ ከኛ ዳጣ ጋር አይደርስም እንጂ ይረዳል።

ሥጋውን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ፣ ኩዌንካ ላይ እኔ በነበርኩበት ጊዜ ሐላል ሥጋ ቤት አላጋጠመኝም፣ እኔ የማውቀው መስጊድ ያለው ዋና ከተማዋ ኪቶ ነው። የአሳማ ሥጋ እዛ በየቦታው ነው፣ ይሄ ብቻ ሳይሆን ድንቹንም ሞቴውንም በአሳማ ስብ የሚጠብሱበት ጊዜ አለ፣ ስለዚ ውጪ ስትበሉ «ማንቴካ ዴ ቻንቾ» አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ የአሳማ ስብ ማለት ነው። አንድ የማውቃት የሞሮኮ ሴትዮ ከገበያ በሕይወት ያለ ዶሮ ገዝታ ባሏ ቤት ያርድላት ነበር፣ ዓሣና ሽሪምፕ ደሞ ከባሕር ዳርቻ በየቀኑ ይመጣል፣ ከካሃስ ተራራ ሐይቆች አካባቢ የሚመጣ ትራውት የሚባል ዓሣም አለ፣ ሳትቸገሩ ትኖራላችሁ።

ባልሽ ምሳ ውጪ የሚበላ ከሆነ አልሙዌርሶ ይልመድ። ሾርባ፣ ከዛ ሩዝ ከሥጋ ወይ ከዓሣ ጋር፣ ትንሽ ሰላጣ፣ ጁስ፣ ይሄ ሁሉ ከ2.50 እስከ 3.50 ዶላር፣ ሠራተኛው ሁሉ የሚበላው እሱን ነው። ከዛው ምግብ ቤት ሜኑ አምጡ ካልሽ ግን ያው ሥጋ 9 እና 10 ዶላር ይሆናል። ለአራት ሰው ወር ሙሉ አስቤዛ እኔ በ450 ዶላር አደርሰዋለሁ፣ ገበያ ከሄድሽ ነው ታዲያ፣ ሱፐርማርኬት ብቻ ከገዛሽ አይደርስም።

ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ከሆነ ነጻ ነው፣ የውጭ አገር ልጅም ይቀበላል፣ በስፓኒሽ ስለሆነ የ11 ዓመቱ የመጀመሪያዎቹን ወራት ያለቅስብሻል፣ ትንሹ ግን ካንቺ በፊት አስተርጓሚ ይሆንሻል። መካከለኛ የግል ትምህርት ቤት ለአንድ ልጅ ከ100 ዶላር ጀምሮ ነበር፣ በተራራማው ክፍል ትምህርት የሚጀምረው በመስከረም መግቢያ አካባቢ ነውና ከኛ ብዙ አይርቅም፣ ዓመቱ መሀል ላይ እንዳትደርሱ አስሉት። አውቶቡስ 30 ሳንቲም ገደማ ነው፣ ታክሲ ከተማ ውስጥ 2፣ 3 ዶላር፣ ትራሙም አለ። እንግዲህ ኪራይ 400፣ መብራት ምናምን 75፣ አስቤዛ 450፣ ሁለቱ ልጆች የግል ቢማሩ 300፣ ትራንስፖርት 60፣ ሐኪምና መድኃኒት 60፣ ልብስና ልዩ ልዩ 100 ብትይ 1,445 ዶላር ነው። ባልሽ ግን አንድ ነገር አጥርቶ ይጠይቅ፣ 1,600ው የተጣራ ነው ወይ? ኮንትራቱ በአገሩ ሕግ ከሆነ ለማኅበራዊ ዋስትና 9.45 በመቶ ከሠራተኛው ይቆረጣል፣ ያኔ የተረፋችሁ የመሰለው ሁሉ ይሄዳል። በሌላ በኩል በአገሩ ሕግ ከሆነ አሥራ ሦስተኛና አሥራ አራተኛ ደሞዝ የሚባል በዓመት ተጨማሪ ክፍያ አለው፣ የሕክምናውም ዋስትና ከዛው ይመጣል።

ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ የሚያስፈልጋችሁን ኤሌክትሮኒክስ ከዚህ ወይ በጉዟችሁ ላይ ግዙ፣ እዛ በቀረጥ ምክንያት በጣም ውድ ነው፣ ቫቱ ራሱ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ከ12 ወደ 15 በመቶ ወጥቷል፣ ደግነቱ ያልተቀነባበረ ምግብ ላይ ቫት የለም።

ሱቅሽን ግን አትዝጊው። ተከተዪው፣ ልጆች ሁለት ዓመት ያለ አባት ማደግ የለባቸውም ብዬ ነው የማምነው፣ ሱቁን ግን ለምታምኚው ሰው በኪራይ ስጪው። እዛ ቋንቋ እስክትይዢ ሥራ አታገኚም፣ ሁለት ዓመት ደሞ ቶሎ ያልቃል።

«እትዬ ሰላም ነው? አይቲ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ የረባ ሥራ የለም። ኢኳዶር ያለ ቪዛ ይገባል፣ ኑሮውም ርካሽ ነው የሚል ሰው አግኝቼ ነበር። ቤተሰብ መሬት ሸጦ 400 ሺህ ብር ሊሰጠኝ ነው። እዛ ገብቼ ሥራ ብፈልግ ምን ትመክሪኛለሽ?» ኬ.፣ ከቆጪ

ወንድሜ፣ እባክህ ያ መሬት ሳይሸጥ ይሄን አንብብ፣ ለእናትህም አንብብላት።

ያለ ቪዛ ይገባል የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 ኢኳዶር በሯን ለዓለም ሁሉ ከፍታ ነበር፣ ማንም ያለ ቪዛ ይገባ ነበር፣ ግን በ2010 ለዘጠኝ አገሮች መልሳ ዘጋችው፣ ኢትዮጵያ ከነዛ ውስጥ ናት፣ ኤርትራም ሶማሊያም ኬንያም። ይሄው አሥራ ምናምን ዓመቱ። ዛሬ «ያለ ቪዛ አስገባሃለሁ» የሚልህ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ገንዘብህን ይፈልጋል። አንዳንዱ ደሞ ኢኳዶርን የሚጠራው ለመኖሪያ ሳይሆን መንገድ ለማስጀመሪያ ነው፣ ከዛ በኮሎምቢያ አድርጎ ዳሪየን የሚባለውን ጫካ አቋርጦ ወደ ሰሜን፣ ያ ጫካ ሰው በወንዝ ተወስዶ፣ ተዘርፎ የሚቀርበት ጫካ ነው፣ ሴቱም ወንዱም። በዛ እንዳትሄድ።

ሁለተኛው ነገር ርካሽ የሚለው ቃል ነው። እዛ ምሳ 3 ዶላር የሆነው የሰዉ ደሞዝ ትንሽ ስለሆነ ነው። መሠረታዊ ዝቅተኛ ደሞዝ እ.ኤ.አ. በ2025 በወር 470 ዶላር ነበር፣ ያንን እንኳን የማያገኝ ብዙ ሕዝብ አለ፣ መንገድ ዳር ካራሜላና ማስቲካ የሚሸጥ፣ መስታወት የሚጠርግ። በዛ ላይ ብዙ መቶ ሺህ ቬኔዝዌላዊ ገብቶ ሥራ ይፈልጋል፣ ስፓኒሽ አፉን የፈታበት፣ አንዳንዱ ኢንጂነር፣ አንዳንዱ ነርስ። እኔ ሰፈር ጥበቃ የሚሰራው ልጅ ካራካስ የሒሳብ መምህር ነበር። አንተ ቋንቋው ሳይኖርህ፣ ወረቀት ሳይኖርህ ከሱ ጋር ነው የምትሻማው። 400 ሺህ ብር ደሞ ዛሬ ባለው ምንዛሪ 3,000 ዶላር እንኳን አይሞላም፣ ከቲኬት የተረፈው ከወራት አያልፍም። ርካሽ አገር የሚባለው ገቢው ከሌላ አገር ለሚመጣለት ሰው ነው፣ እዛው ሠርቶ እዛው ለሚበላ ሰው ርካሽ አይደለም፣ ጎረቤቶቼን ጠይቅ ብልህ ይሄንኑ ነው የሚነግሩህ።

ላንተ የሚሆን መንገድ የለም እያልኩህ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በኢንተርኔት ለውጭ ኩባንያ ለሚሠራ ሰው የተለየ ቪዛ አለ፣ የሚጠይቀው ግን የዝቅተኛውን ደሞዝ ሦስት እጥፍ ገቢ ነው፣ በ2025 ስሌት 1,410 ዶላር በወር። እስቲ አስበው፣ በወር 1,410 ዶላር በኢንተርኔት የምታገኝ ልጅ ብትሆን ጅማ ቁጭ ብለህስ ምን ይጎድልሃል? ስለዚ ገንዘቡን በጉዞ ላይ ሳይሆን በችሎታህ ላይ አውለው፣ ከ400 ሺው ሩቡ ጥሩ ላፕቶፕና የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ይገዛልሃል፣ መሬቱም ሙሉው አይሸጥም። አንድ ዓመት በርትተህ ከውጭ ደንበኛ ካገኘህ ያኔ ጻፍልኝ፣ ሰፈር ሁሉ እጠቁምሃለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ እህቴ። 68 ዓመቴ ነው፣ አሜሪካ 31 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቼ ጅማ ገብቻለሁ፣ በወር 1,500 ዶላር ይመጣልኛል። አብሮኝ የሠራ አሜሪካዊ ጓደኛዬ ኩዌንካ ይኖራል፣ ና እያለ ይወተውተኛል። ከባለቤቴ ጋር ብንሄድ ያዋጣናል?» ከመንደራ

ጋሼ፣ እንኳን ለአገርዎ አበቃዎ። በርስዎ ጉዳይ አንድ ቁጥር አለ፣ እሱን ካላዩት ጓደኛዎ ያሳስትዎታል። የጡረተኛ ቪዛ የሚጠይቀው ቅድም ያልኩትን የሦስት እጥፍ ገቢ ነው፣ በ2025 ስሌት 1,410 ዶላር፣ እርስዎ ብቻዎን ያልፋሉ። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ጥገኛ 250 ዶላር ይጨመርበታል፣ ከባለቤትዎ ጋር 1,660 ይሆናል፣ 160 ዶላር ይጎድልዎታል። ባለቤትዎ የራሳቸው ገቢ ካላቸው ወይ ከሌላ የሚረጋገጥ ገቢ ካለዎት ይታያል፣ ከሌለ ግን ትኬት አይግዙ።

ኑሮውስ ካሉ፣ ለሁለት ሰው 1,500 ዶላር እዛ ደህና ያኖራል። ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው አውቶቡስም አውሮፕላንም በግማሽ ዋጋ ነው፣ ባንክ ቤትም የራሱ ሰልፍ አለው፣ ሽማግሌ ያከብራሉ። የአገሩን የሕክምና ዋስትና በፈቃደኝነት ሲገቡ ከሚያስመዘግቡት ገቢ 17.6 በመቶ በየወሩ ነው፣ የግል ሐኪም ማማከሪያ 30፣ 40 ዶላር። ግፊት ወይ የልብ ችግር ካለብዎት ግን ከፍታውን ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩበት፣ የጅማን አየር የለመደ ሰው ኩዌንካ ላይ ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ እኔ በ40ዎቹ ሆኜ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

አንድ ልዩነት ደሞ አለ። እዚህ ዶላርዎ ብር ሲሆን ያድጋል፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ከአንድ ዓመት በኋላ ከ130 አልፏል፣ የገበያው ዋጋም አብሮ እየሮጠ መሆኑን እርስዎም ያውቁታል። እዛ ዶላሩ ዶላር ነው፣ አያድግም፣ ግን ዋጋውም እንደኛ አይሮጥም፣ ያችው አልሙዌርሶ አራቱን ዓመት ሙሉ የጨመረችብኝ 50 ሳንቲም ናት። ለጡረተኛ ይሄ ትልቅ እረፍት ነው። እኔ ብሆን ግን መጀመሪያ ጓደኛዬን ለሦስት ወር በእንግድነት እጠይቀውና ባለቤቴ ገበያውን፣ የኛ ቤተክርስቲያን የሌለበትን እሁድ፣ ሰው የማይጠራትን ከሰዓት እንዴት እንደምታልፈው አያለሁ። ለወንዱ ጓደኛ አለው፣ ለሷ ማን አላት?

«አገሩ የራሱ ገንዘብ የለውም ወይ? ለምን በአሜሪካ ዶላር ይገበያያል?» የማኅበራዊ ሳይንስ መምህር፣ ከጂሬን

ነበረው መምህር፣ ሱክሬ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ባንኮች ተንኮታኮቱ፣ በመጋቢት መንግሥት ባንክ ዘግቶ የሕዝቡን ተቀማጭ አገደ፣ የሱክሬው ዋጋ በየሳምንቱ ይወርድ ጀመር። ፕሬዝዳንት ሀሚል ማዋድ በጥር 2000 አገሩ ወደ ዶላር እንደሚገባ አወጁ፣ አንድ ዶላር በ25,000 ሱክሬ ተቆረጠ፣ በዛው ወር ራሳቸው ከሥልጣን ወረዱ፣ ውሳኔያቸው ግን ጸንቶ ቀረ። ፎቅ ላይ ያሉት አሮጊት ጎረቤቴ አንድ ቀን ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው መሀል የሱክሬ ኖት አውጥተው አሳዩኝ፣ ባላቸው ቤት ሊሠራበት ያጠራቀመው ዶላር ሲሆን አንድ ፍሪጅ ነበር የገዛው አሉኝ። ልጆቻቸው ያኔ ነው ወደ ስፔንና ወደ አሜሪካ የተበተኑት፣ ኩዌንካ ዙሪያ የምታየው ትልልቅ ባዶ ቤት ሁሉ ከውጭ በተላከ ገንዘብ የተሠራ ነው።

ለሚሄድ ሰው የሚጠቅመው ነገር፣ ኖቱ የአሜሪካ ነው፣ ሳንቲሙ ግን የአሜሪካውም የራሳቸውም ተቀላቅሎ ይሠራል፣ መጠኑ አንድ ነው። የ50 እና የ100 ዶላር ኖት ሱቅ አይቀበልም፣ 20ውን ራሱ ሰፈር ሱቅ ላይ ብትሰጥ ዝርዝር የለም ይሉሃል። ስትሄዱ ባለ 1፣ ባለ 5 እና ባለ 10 ያዙ።

«እትዬ፣ ለአንድ ዓመት ሥልጠና ኢኳዶር ልሄድ ነው፣ ወጪዬን ይችሉኛል። የኔ ጭንቀት ቡናና እንጀራ ነው፣ አትሳቂብኝ።» ከአጋሮ

ለምን እስቃለሁ እህቴ፣ የአጋሮ ልጅ ቡና ሳይጨንቃት ማን ሊጨንቀው ነው። ጤፍ የለም፣ ከዚህ ዱቄት ይዘሽ ሂጂ፣ ሲያልቅብሽ የሩዝና የማሽላ ዱቄት ቀላቅለሽ ሞክሪ፣ እንጀራ አይሆንም ግን ወጥ ይጠቀለልበታል። ቡናው ነው የሚያስገርመው፣ ኢኳዶር ቡና አምራች አገር ናት፣ ሎሃ አካባቢ ጥሩ አረቢካ አላቸው፣ ግን ብዙ ቤት ስትገቢ የሚቀርብልሽ የሚሟሟው የቆርቆሮ ቡና ነው፣ ሙቅ ውሃና ማንኪያ። መጀመሪያ ሲቀርብልኝ ከልቤ ነው ያዘንኩት፣ አገር ያፈራውን ጥሩውን ለውጭ ልኮ ራሱ ደቃቁን ሲጠጣ ማየት እኛንም ስለሚነካን። የሎሃን ፍሬ ገበያ ላይ ፈልገሽ ጥሬውን ግዢ፣ ብዙ አይወደድም።

ጥሬ ቡና ከዚህ እንዳትይዢ፣ ቡና አብቃይ አገር ስለሆነ በተክል በሽታ ምክንያት ድንበር ላይ ጣጣ ያመጣብሻል፣ የተቆላ የተፈጨ በታሸገ ከረጢት ያዢ፣ እሱንም ተናግረሽ አስመዝግቢ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድሽንም ከፓስፖርትሽ ጋር አድርጊ። እኔ መጀመሪያ ጊዜ በረንዳ ላይ ስቆላ ሽታው ፎቁን ሁሉ ሞላው፣ ቅድም የነገርኳችሁ ባለ ሱክሬዋ አሮጊት በር አንኳኩተው የተቃጠለ ነገር አለ ወይ አሉኝ፣ አስገብቼ አስቀመጥኳቸው፣ ሦስተኛው ድረስ ጠጡ፣ በማግስቱ አንድ ሳህን ሞቴ ይዘው መጡ። ከዛ ቅዳሜ ቅዳሜ ሆነ፣ ንፍሮው ከሳቸው፣ ቡናው ከኔ። ጀበናሽን ግን በልብስ ጠቅልለሽ በእጅ ሻንጣ ያዢው፣ የኔ በትልቁ ሻንጣ ውስጥ ሆኖ ኪቶ ሲደርስ አንገቱ ተሰብሮ ነው ያገኘሁት፣ አንዱን ዓመት ሙሉ በብረት ድስት ነው ያፈላሁት።